ባለጠርሙሱና የቀጋው ቅጠል

በሸለቆው ውስጥ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ባለጠርሙሱ ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በምርምር ጣቢያው የተባይ ክፍል ከጠርሙስ ጋር የኖረ ሰው ስሙ ቢጠፋ አይገርምም። ቅጽል ስሙን መጀመሪያ ያወጡለት ለቀልድ ነበር፤ መጠጥ ባፉ ዞሮ የማያውቀውን ሰው "ጠርሙስ ካየ አያልፍም" እያሉ ያሙት ነበር። እሱም አልተቀየማቸውም። "ሙሉውን እናንተ ጨርሱት፤ ባዶውን ለእኔ አምጡልኝ" አላቸው፤ እነሱም የምራቸውን አመጡለት። የማርመላታውም የማሩም ጠርሙስ እየታጠበ ወደ እሱ ይጎርፍ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው ለጠርሙስ ግዢ ጥያቄ ያቀረበበት ዓመት የለም።

ሥራው ለሰሚው ቀላል፣ ለሠሪው ትዕግሥት ጨራሽ ነው። ሸለቆው ከላይ እስከ ታች የፖም እርሻ ነው። በፖሙ ላይ ደግሞ አንዲት የእሳት እራት ትኖራለች፤ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ፣ ክንፏ ብርማ፣ የክንፏ ጫፍ ዝገት የነካው የሚመስል። እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል እንደ ሌላው ትል ቅጠሉን ከዳር ጀምሮ አይቆረጥመውም፤ በላይኛውና በታችኛው ሽፋን መካከል ይገባና ውስጥ ለውስጥ እየበላ መሿለኪያ ይሠራል። ቅጠል ሰርሳሪ የሚሏት ለዚህ ነው። መሿለኪያው ሲጀምር እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ትሉ ሲወፍር መንገዱም አብሮት ይሰፋል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ለሚያየው የትሉ ዕድሜ በሙሉ እዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ የት እንደ ተወለደ፣ የት ቆሞ ቆዳውን እንደ ለወጠ፣ በየት በኩል ቀዶ እንደ ወጣ። ባለጠርሙሱ ይህን አይቶ አይጠግብም ነበር። "እኛ እንኳ እንዲህ ያለ ታሪክ ትተን አንሄድም" ይል ነበር፤ ለተባይ እንዲህ ያለ አክብሮት ማሳየቱ የፖም ገበሬዎቹን ባያስደስታቸውም።

የጣቢያው ጥያቄ፣ ይህች የእሳት እራት ከፖም ሌላ በምን በምን ተክል ላይ ታድጋለች የሚል ነበር። በፖም ላይ ብቻ ከሆነ ፖሙን በጊዜው መርጨት ነው። ሌላ መጋቢ ተክል ካላት ግን ፖሙን ቢረጩት ቢረጩት ከጎረቤት ተመልሳ ትመጣለች። እንግዲህ ባለጠርሙሱ ጠዋት ጠዋት ከረጢቱን አንግቶ ይወጣል፤ መሿለኪያ ያለበትን ቅጠል ከያይነቱ ተክል ይቀነጥሳል፤ አንድ ቅጠል በአንድ ጠርሙስ ይከታል፤ የቅጠሉን አንገት በእርጥብ ጥጥ ይጠቀልላል፤ የጠርሙሱን አፍ በስስ ጨርቅ ያስራል። ወረቀቱ ላይ የተክሉን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ይጽፋል፤ ቀለም በእርጥበት ይሟሟልና። ከዚያ መጠበቅ ነው። የእሳት እራቷ ከወጣች ተክሉ መጋቢ ተብሎ ይመዘገባል፤ ቅጠሉም ተጭኖ ደርቆ፣ እራቷም በመርፌ ተሰክታ፣ ከወረቀቷ ጋር ሳጥን ውስጥ ትቀመጣለች።

ሥራውን ያስተማሩት አንዲት አሮጊት ባለሙያ ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ "ያደገበትን ጻፍ፤ ያደረበትን አትጻፍ።" ነገሩ እንዲህ ነው። ትሉ በልቶ ሲጠግብ ከቅጠሉ ቀዶ ይወጣና በራሱ ክር ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይወርዳል። እግሩ የረገጠበት ላይ ነጭ የሐር ጎጆ ሠርቶ ይተኛል፤ እዚያው ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ከሥር ያለው ሌላ ተክል ይሁን፣ መሰላል ይሁን፣ ግድግዳ ይሁን ግድ የለውም። አንድ ጊዜ በጣቢያው ዘበኛ ባርኔጣ ላይ ሁለት ጎጆ ተገኝቷል። "እንግዲህ የዘበኛው ባርኔጣ መጋቢ ተክል ነው?" እያሉ አሮጊቷ አዲስ ለመጣ ሠራተኛ ሁሉ ይህንን ይጠይቁ ነበር። ባለጠርሙሱ በዘመኑ እሱም ይህንን ሲጠይቅ ኖሯል። መሿለኪያ የሌለበትን ቅጠል ጠርሙስ ውስጥ አለመክተት ለእሱ እጅ እንደ መታጠብ ያለ ነገር ነበር።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የቀረችው ዘመድ አንዲት ታላቅ እኅቱ ነበረች። ባለቤቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ልጅ አልነበራቸውም። እናታቸው ሳይጠግቧት ስለ ሞተች እኅቱ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ እሱን አሳድጋዋለች፤ እሱም ስድሳ ዓመት ሞልቶት እንኳ እታለም እንጂ ሌላ ብሏት አያውቅም። እሷም "አንተ ልጅ" ነው የምትለው። ባሏን በወጣትነቷ ቀብራ በሸለቆው የታችኛው ጫፍ ብቻዋን ትኖር ነበር። ባሏ የሞተ ዓመት በግቢዋ ዙሪያ ቀጋ ተከለች። ቀጋ ተተክሎ አጥር እስኪሆን ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ እሷ ጠበቀች። አጥሩ ከሁለት መቶ እርምጃ በላይ ሆነ፤ ከብት አያሳልፍም። ፍሬው ቀይ ሲሆን እየለቀመች፣ ለሁለት እየሰነጠቀች፣ ውስጡን ጸጉር እየጠረገች፣ በሰፋፊ ትሪ ላይ አድርቃ በወረቀት ከረጢት ትሸጣለች። እጇ ከእሾሁ የተነሣ ሁልጊዜ ድመት የተጫወተችበት ይመስል ነበር። ልጅ የለሽም ወይ ሲሏት "አጥር ወልጃለሁ" ትላለች፤ ቀልድ ነው፤ ግን ሙሉ ቀልድ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት የእሳት እራቷ ባሰች። በበጋ መካከል የፖሙ ቅጠል ቡናማ ሆኖ ረገፈ፤ ፍሬው ሳያድግ ቀረ። ገበሬው ጮኸ። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የጣቢያውን የመጋቢ ተክሎች ዝርዝር አወጣና አነበበ። ፖም አለ፤ ቀጥሎ ቀጋ አለ። ፖሙን መንቀል አይቻልምና ቀጋው ይነቀል ተባለ። እስከ ወሩ መጨረሻ በሸለቆው አንድ ቀጋ እንዳይቀር።

ሰው አጉረመረመ። በዚያ ሸለቆ የቀጋ አጥር የሌለው ቤት አልነበረምና። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ቢናገሩ ቢናገሩ ሰሚ ሲያጡ ባለጠርሙሱን አስጠሩት። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ቆመና "እኔ በእጄ ሰብስቤ፣ ከጠርሙሱ ውስጥ አግኝቻታለሁ። ጠርሙስ አይዋሽም" አለ። በቃ፤ ይኸው ነው ያለው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ዋሽቷቸው የማያውቅ ሰው ስለሆነ አመኑት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አርባ ሁለት ቤት አጥሩን ነቀለ፤ እሾሁ በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ነደደ።

እምቢ ያለች አንዲት ሴት ናት። የገዛ እኅቱ።

"እኔ ይኼ ቀጋ ላይ ትል የሚባል አይቼ አላውቅም። በየቀኑ እጄን እዚያ ውስጥ የምከት እኔ ነኝ" አለችው፤ ሊያግባባት በሄደ ቀን።

"እታለም፣ በዓይን ማየት ሌላ፣ በአጉሊ መነጽር ማየት ሌላ።"

"እንግዲያ መነጽርህን ይዘህ ናና አሳየኛ። ካሳየኸኝ እኔው በእጄ እነቅለዋለሁ።"

መነጽሩን ይዞ አልሄደም። ቅር ብሎት ነበር። ሸለቆው ሁሉ ቃሉን ሲቀበል፣ አፍንጫውን ጠርጋ ያሳደገችው እኅቱ ማስረጃ አምጣ ስትለው ምን ይበል? "የቤት ሰው ነቢይን አያከብርም" ብሎ ለራሱ አጉረመረመና ተወው። ያን ቀን መነጽሩን ይዞ ቢሄድ ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ሰው ግን በሚያውቀው ነገር ላይ ሲጠየቅ ነው ይበልጥ የሚደነቁረው።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ሳጥኖቹን ለማስረከብ ማስተካከል ጀመረ። ክፍሉ ሰሜን የሚያይ አንድ ትልቅ መስኮት አለው፤ ሦስቱ ግድግዳ መደርደሪያ ነው፤ ሁልጊዜ እርጥብ ጥጥ ይሸታል። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያወረደ፣ አቧራቸውን እየጠረገ፣ የደበዘዘውን ጽሑፍ በእርሳስ እያደመቀ የፖሙን ጨርሶ የቀጋውን ከፈተ። የፖሙ ሰባት ሳጥን ነው። የቀጋው አንድ ወረቀት ብቻ።

ቅጠሉን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ቀና አደረገው።

መሿለኪያ የለውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ንጹሕ ነው። ገለበጠው፤ ከሥሩ አንድ ነጭ የሐር ጎጆ ተለጥፏል፤ እራቷ የወጣችበት ቀዳዳ ይታያል። መነጽሩን አመጣ፤ የቅጠሉን ደም ሥር ሁሉ ተከትሎ ደግሞ አየ። አንድ ቀጭን መስመር ባገኝ ብሎ ለመነ። አላገኘም። ትሉ እዚህ ቅጠል ውስጥ አልኖረም። ከላይ ካለ ፖም ወርዶ እዚህ ላይ ተኝቷል እንጂ። የዘበኛው ባርኔጣ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን አየ። ባለቤቱ ሆስፒታል የነበረችበት ሳምንት ነው። ሐኪሙ እስከ ረፋዱ ድረስ ና ብሎታል። ቅጠል የሚለቅም ሌላ ሰው ስላልነበረ ማልዶ ወጣ፤ ካረጀ ፖም ሥር የበቀለ ቀጋ ላይ ይህን ጎጆ አየ። ጎጆው ቀድሞ የተሠራ ነው፤ ብዙ አያስጠብቅም፤ እራቷ በጥቂት ቀን ትወጣለች። ቀነጠሰና ከተተ፤ "ቀጋ" ብሎ ጻፈ፤ ሮጠ። ባለቤቱ በአራተኛው ቀን ሞተች። ከሐዘን ሲመለስ እራቷ በጠርሙሱ ውስጥ ወጥታ ሞታ አገኛት። በመርፌ ሰካት፤ መዘገባት። ቅጠሉን ዞር ብሎ አላየውም። በዚያ ሳምንት ያየው ነገር ያለ አይመስለኝም። ሆኖም ሐዘን ምክንያት ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ይህንንም ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእርሳስ ወለምታ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ተኝቶ አርባ ሁለት አጥር ሊነቅል እንደሚችል ማን ያውቃል?

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሳጥኑን ዘግቶ ወደ ቦታው መመለስም ነበረ። ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ ሁለት ወር ጨርሶ፣ ተመስግኖ መውጣት። ያን ሳጥን ከእሱ በኋላ የሚከፍተው ላይኖር ይችላል። ይህንን አላሰበም አልልም፤ አስቦታል፤ ረዘም ላለ ጊዜም አስቦታል። ከዚያ ግን የእኅቱ አጥር ታየው። የቀናት ዕድሜ ነው የቀረው። ቅጠሉን በሁለት መዳፉ መካከል ይዞ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄደ።

ኃላፊዋ ገና ወጣት ናት፤ ዶክተር ነው የሚሏት። ቅጠሉን ተቀብላ እንደ እሱ ወደ ብርሃን አነሣችው። ገልብጣ ጎጆውን አየች።

"ሌላ የቀጋ ናሙና አለ ጋሼ?"

"የለም ዶክተር። ይኼ ብቻ ነው።"

"ዝርዝሩ ውስጥ የገባው በዚህ በአንዱ ነው?"

"በእኔ ቃል ነው የገባው።"

አልጮኸችበትም። ቢጮኹበት ይቀለው ነበር። "ይኼ ቅጠል ቀጋው መጋቢ መሆኑን አያሳይም" አለች፤ "ግን አለመሆኑንም አያሳይም። ለጽሕፈት ቤቱ 'ምናልባት' ይዤ ልሄድ አልችልም። እንሞክረው።" አሥር የቀጋ ችግኝ በአንድ የሽቦ ቤት፣ አሥር የፖም ችግኝ በሌላ፤ በሁለቱም እራቶች ይለቀቃሉ፤ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል። እዚያው ስልክ አንሥታ የጽሕፈት ቤቱን ሰው የቀረው አጥር ለጥቂት ጊዜ እንዳይነካ ጠየቀች። እሺ አላት፤ ለምን ብሎም አልጠየቀም። ስልኩን ስትዘጋ "ለእኅትዎ ግን ይንገሯቸው" አለችው።

"እነግራታለሁ" አለ።

አልነገራትም። እዚህ ላይ ሰውየውን ብቆጣው ደስ ይለኛል፤ እሱ ግን ከእኔ ቀድሞ ራሱን ተቆጥቷል። ሁለት ጊዜ ሊነግራት ተነሥቷል። በመጀመሪያው ከግማሽ መንገድ ተመለሰ። በሁለተኛው በር ድረስ ደረሰ። እኅቱ ትሪ ይዛ ወጣችና ፊቱን አየችው።

"ምነው አንተ ልጅ፣ ጠቆርክብኝ? በልተሃል?"

"በልቻለሁ። ጉልበቴ ነው፤ ቁልቁለቱ ጎዳው።"

ስለ ጉልበቱ ሩብ ሰዓት ያህል አወሩ። ቅባት ሰጠችው። አመስግኖ ሄደ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዤ ልምጣ፣ አጥርሽ ተርፏል ብዬ ልጀምር፣ ስህተቱን ከዚያ በኋላ እነግራታለሁ፤ እንዲህ ነበር ስሌቱ። ባዶ እጁን ሄዶ ተሳስቻለሁ ማለት ከበደው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚል ሰው፣ እስኪጠራ ድረስ በጨለማው ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ አይናገርም።

ሦስቱን ሳምንት ከሽቦ ቤቶቹ አጠገብ አልጠፋም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የፖሙ ቅጠል በነጭ መስመር ተዥጎረጎረ። ቀጋው ግን አረንጓዴ ነው። በሃያ አንደኛው ቀን የቀጋውን ቅጠል እሱ አንድ በአንድ በመነጽር አየ፤ ዶክተሯ ደግማ አየች። አንድም መሿለኪያ አልተገኘም። ደብዳቤው ያን ዕለት ረፋዱ ላይ ተጻፈ፦ ቀጋ ከዝርዝሩ ይሰረዝ፤ የተረፈው አጥር እንዳይነቀል። በሸለቆው ለሚኖሩት ሁሉ በቀጣዩ ሳምንት በስብሰባ ይነገራቸዋል ተባለ። ዶክተሯ የጣቢያው ስህተት ብላ ነበር የጻፈችው፤ እሱ ነው የሠራተኛው ስህተት ተብሎ ይጻፍ ብሎ ያስለወጣት፤ ከሥሩም ፈረመ። ከዚያ ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ ወደ ታች ወረደ።

መንገዱ ከወፍጮ ቤቱ በላይ አንድ መታጠፊያ አለው። ባለጠርሙሱ እዚያ ሲደርስ የእኅቱን ቤት በር አየ። የበሩን ሰማያዊ ቀለም፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን በርጩማ፣ ሁሉንም አየ። በዚያ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስ በሩ ከዚያ ታይቶት አያውቅም ነበር። ቆመ። የሚያየውን ነገር ለመረዳት ጊዜ ፈጀበት፤ ምክንያቱም ያየው የሌለ ነገር ነበር።

እኅቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዶማው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አጥሩ የነበረበት ቦታ ዙሪያውን የተገለበጠ አፈር ነው፤ ሥሩና ግንዱ በአንድ ጥግ ተከምሯል፤ ፍሬው ገና አልቀላም ነበር።

"አራት ቀን ፈጀብኝ" አለችው። "ሥሩ አልወጣ እያለ።"

"እታለም። ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። ተቀመጥ እንጂ፤ ጉልበትህ…"

"ማን አዘዘሽ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሱ ከሽቦ ቤቱ ጋር ተፋጥጦ ሳለ ሸለቆው ሌላ ነገር ሲያይ ሰንብቷል። ወሩ አለቀ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ወደ እኅቱ ግቢ አልመጡም፤ የሁሉም አጥር ተነቅሎ የእሷ ብቻ ቆመ። ሰው ምን ይበል? ያለውን አለ።

"ሱቅ ሄጄ ነበር" አለች እኅቱ። "ባለወፍጮው ሰው በተሰበሰበበት 'ወንድምሽ የእኛን አስነቅሎ ያንቺን ሸፈነልሽ' አለኝ። እኔም ለምን እንዳልመጡ አላውቅማ። ሌሎቹም ሳቁ። ሠላሳ ዓመት የኖርክበትን ስም በእኔ እሾህ ሲያቆሽሹት ዝም ብዬ ላይ? ጥቂት ሳምንት ነው የቀረህ፤ አንገትህን ቀና አድርገህ ውጣ ብዬ ነው።" የተጠቀለለ እጇን ጉልበቷ ላይ አመቻቸች። "ደግሞም ይቅር በለኝ። ያኔ አምጣና አሳየኝ ያልኩህ ልክ አልነበርኩም። አንተ ያየኸውን እኔ ማን ነኝና እከራከራለሁ።"

በመንገዱ ሁሉ ሲያዘጋጀው የመጣው ንግግር ነበረው። አጥርሽ ተርፏል ብሎ የሚጀምር። ደብዳቤውን ከኪሱ አወጣ፤ መልሶ ከተተው።

"ቀጋው ላይ ምንም አልነበረም" አለ። "ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቅጠሉን ሳላይ ጻፍኩት። የአንቺም የሁሉም አጥር በከንቱ ነው የተነቀለው።"

አየችው። ፊቱ ላይ ቀልድ ፈለገች፤ አላገኘችም።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ሦስት ሳምንት ሆነኝ።"

"ሦስት ሳምንት" አለች። አሰበች፤ ቀኖቹን ወደ ኋላ ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። "ስለ ጉልበትህ ያወራኸኝ ቀን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ ቆሞ ነበር።"

"አዎ።"

ባለቤቱ ስትሞት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኅቱ አላባበለችውም፤ አልሰደበችውምም። የተገለበጠውን አፈር እያየች ተቀመጠች። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ እሷም እሱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ እንደገና ትተክያለሽ ብሎ አላጽናናትም፤ ይህን እንኳ አስተዋለ።

እንባው ሲቀንስለት "ሌሎቹስ?" አለችው።

"በሚመጣው ሳምንት ስብሰባ ይጠራል። ዶክተሯ ትነግራቸዋለች።"

"ንቀሉ ያለቻቸው ዶክተሯ ናት?"

"አይደለችም።"

"እንግዲያ ምን አድርጊ ነው የምትላት?" ተነሣች። በተጠቀለለ እጇ የበሩን መቀርቀሪያ ለመዝጋት ስትታገል አየና ዘጋላት። ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አጠለቀች።

"አንቺ የት ትሄጂያለሽ? እጅሽ እኮ…"

"በየበሩ ልትነግራቸው ነው፤ ብቻህን አልለቅህም። ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ብቻህን እልክህ ነበር። አሁን አላምንህም፤ አንተ ልጅ።" ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። አላምንህም የሚለውን ቃል በዕድሜው ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ ከእሷም ከሌላም።

የመጀመሪያው በር የባለወፍጮው ነው። ዱቄት የለበሰ ክንዱን በሩ ላይ አስደግፎ ወጣ። ባለጠርሙሱን አየ፤ ከጎኑ የቆመችውን ሴት አየ፤ እጇን አየ፤ ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ራቁቱን የቀረውን ግቢዋን አየ። ባለጠርሙሱ ተናገረ። አላሳጠረውም፣ ባለቤቱንም አላነሣም። ቅጠሉን ሳላይ ጻፍኩ፤ በስብሰባው ላይ ያልኳችሁ ሐሰት ነበር፤ የእኔ ጥፋት ነው አለ።

ባለወፍጮው እስኪጨርስ ሰማው።

"ሚስቴ ያን አጥር የነቀለችው እያለቀሰች ነበር" አለ። "እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት። ባለጠርሙሱ ካለ አለ፤ እሱ አይሳሳትም አልኳት።"

መልስ አልጠበቀም። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ሁለቱ እዚያው ቆሙ። ባለጠርሙሱ ወደ ኋላ ሊመለስ ፊቱን ሲያዞር እኅቱ በክንዷ መንገዱን ዘጋችበት።

"ወዲህ ነው" አለችው። "ገና አርባ አንድ ቤት አለ።"

ወደሚቀጥለው በር ሄዱ።